«ልጄ በልጅነቴ ፊልም ሳቀችብኝ»

ጤና ይስጥልኝ። የ46 ዓመት ሰው ነኝ፤ አንዲት የ15 ዓመት ልጅ አለችኝ። ላለፉት ሁለት ዓመታት ዓርብ ማታን ከልጄ ጋር ፊልም የማይበት ምሽት አድርገነው ቆይተናል። መጀመሪያ ላይ ምርጫው ተራ በተራ ነበር፤ እያደር ግን እኔ በልጅነቴና በወጣትነቴ የወደድኳቸውን ብቻ እያመጣሁ የማሳይበት ምሽት ሆነ። ይህን በትክክል ያስተዋልኩት አሁን ስጽፈው ነው።

ከአንድ ወር በፊት፣ ልጅ ሳለሁ በሳምንት አንድ ቀን በቴሌቪዥን ይተላለፍ የነበረ የባሕር ጀብዱ ተከታታይ ፊልም በኢንተርኔት አገኘሁ። የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ይቸግረኛል። ያን ጊዜ የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከታላቅ ወንድሜ ጋር ወለል ላይ ተቀምጠን እናየው ነበር፤ ወንድሜ የክፉውን የመርከብ አዛዥ ድምፅ እያስመሰለ ሳምንቱን ሙሉ ያስቀኝ ነበር፤ አንዳንዱንም ክፍል በቪዲዮ ካሴት ቀድቶ አስቀምጦት ነበር። እናም ልጄን «ዛሬ የማሳይሽን ዕድሜ ልክሽን አትረሺውም» ብዬ አስቀመጥኳት።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ «አባዬ፣ ሰዎቹ ለምንድን ነው እንዲህ የወፈሩት?» አለችኝ። የማዕበሉ ትዕይንት ሲመጣ ደግሞ ሳቀች፤ መርከቧ ገንዳ ውስጥ ያለች መጫወቻ መሆኗ ያስታውቃል አለች። «ሴቶቹስ ከመጮኽና ከመዳን በቀር ሥራ የላቸውም?» ስትል ትዕግሥቴ ማለቅ ጀመረ፤ ስልኳን ስታነሣ ጨርሶ አለቀ። «የእናንተ ትውልድ ከ15 ሰከንድ በላይ አንድ ነገር ማየት አይችልም፤ የምትሰሙት ዘፈን እንኳ መግቢያ የሌለው ጩኸት ነው፤ ጣዕም የሚባል ነገር አልፈጠረባችሁም» አልኳት። ተነሥታ «አንተ እኮ ፊልሙን አታየውም፤ እኔን ነው የምታየው» ብላኝ ወደ ክፍሏ ገባች።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓርቦች አልፈዋል። ሁልጊዜ የቤት ሥራ አለባት። በመካከሉ አንድ ቀን ዕቃ እያጠበች የፊልሙን መክፈቻ ሙዚቃ ስታንጎራጉር ሰማኋት፤ እየቀለደችብኝ መሆኑ ነው።

ለማንም ያልነገርኩትን ልጨምር። ልጄ ከሄደች በኋላ ፊልሙን ብቻዬን ቀጠልኩ፤ ሰለቸኝም። የማዕበሉ ሌሊት በትዝታዬ ውስጥ አንድ ሙሉ ክፍል የሚፈጅ ነበር፤ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። በመጨረሻው ክፍል ያለቀስንበት ዘፈንም የለም፤ በቦታው የማላውቀው ተራ ሙዚቃ አለ። ዘፈኑ ድሮም አልነበረ ይሆን? አሁን ከልጅነቴ የማስታውሰውን ሁሉ መጠራጠር ጀምሬአለሁ። ልጄን ይቅርታ ልጠይቃት? ወይስ አድጋ የድሮውን ነገር ዋጋ እስክታውቅ ልታገሥ?

ዓርቡ የጠፋበት አባት

ውድ «ዓርቡ የጠፋበት አባት»፣

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነውና። አዎ፣ ይቅርታ ይጠይቋት፤ ይህን ጽሑፍ አንብበው እስኪጨርሱ ባይጠብቁ እንኳ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ይቅርታው ስለምን እንደሆነ አስቀድመው ለራስዎ ቢለዩት መልካም ነው። ፊልሙን ስላሳዩአት አይደለም፤ ስለወደዱትም አይደለም። እርሷ የተናገረችው ስለ መርከቧ፣ ስለ ሴቶቹና ስለ ሰዎቹ ውፍረት ነበር፤ እርስዎ የመለሱላት ግን ስለ ራሷ ማንነት ነው። «አንቺ ስለ ፊልሙ ስታወሪኝ እኔ ስለ አንቺ ክፉ ተናገርኩ፤ አጥፍቻለሁ» ቢሏት ይበቃል። ማብራሪያ አይጨምሩበት፤ በተለይ «ግን አንቺም ስልክሽን...» የሚለውን ቅጥያ ለሌላ ቀን ያቆዩት። በሌላ ቀንም ባይነሣ ይሻላል።

አሁን ወደ ውፍረቱ እንምጣ፤ ቀልድ እንዳይመስልዎ። ልጅዎ ያየችው እውነት ሳይሆን አይቀርም። በእርስዎ ልጅነት የነበሩት የቴሌቪዥን መስኮቶች ወርዳቸው 4 ቢሆን ቁመታቸው 3 ነበር፤ የዛሬዎቹ ግን 16 በ9 ናቸው። የዛሬው ቴሌቪዥን ምስሉ ስክሪኑን ሙሉ በሙሉ እንዲሸፍን ተደርጎ ከተስተካከለ፣ የድሮውን ምስል ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይለጥጠዋል፤ ሒሳቡ ሲሠራ እያንዳንዱ ሰው በወርዱ ሲሶ ያህል ይጨምራል። ጀግናው መርከበኛ በእርስዎ ትዝታ ውስጥ ቀጭንና ቀልጣፋ ከሆነ፣ ትዝታዎ ትክክል ነው፤ ልጅዎም ትክክል ናት፤ የተሳሳተው ቴሌቪዥኑ ነው። በማስተካከያው ውስጥ ገብተው የምስሉን ቅርጽ ወደ 4 በ3 ይመልሱት፤ በግራና በቀኝ ጥቁር ክፍተት ይመጣል፤ ይምጣ። እግረ መንገድዎን እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን ቅንብር ያጥፉት። ይህ ቅንብር በእውነተኞቹ ምስሎች መካከል መሣሪያው ራሱ የፈጠራቸውን ምስሎች እየሰገሰገ፣ በሰከንድ በ24 ምስል የተቀረጸን ፊልም ርካሽ የስቱዲዮ ቀረጻ ያስመስለዋል። እኔ በእንግድነት በሄድኩባቸው ቤቶች ሁሉ ባለቤቶቹን ሳላስፈቅድ ባጠፋው ደስ የሚለኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

የመርከቧም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ትንሽ መርከብ በገንዳ ውስጥ ቀርጾ ትልቅ ማስመሰል የቆየ ጥበብ ነው፤ ካሜራው በፍጥነት ይቀርጽና ሲታይ እንቅስቃሴው ስለሚዘገይ ማዕበሉ ከባድ ይመስላል። የማይታለለው የውሃ ጠብታ ብቻ ነው፤ መርከብን አሳንሶ መሥራት ይቻላል፣ ጠብታን ግን ማሳነስ አይቻልም። በድሮው ቴሌቪዥን ምስሉ በ525 ወይም በ625 አግድም መስመሮች ይሣል ስለነበር ጠብታዎቹ በብዥታው ውስጥ ይሸሸጋሉ፤ ፊልሙን የሠሩት ሰዎችም በዚያ ብዥታ ተማምነው ነበር። ልጅዎ ያንን ሥራ ያየችው ሠሪዎቹ ይታያል ብለው ባላሰቡት ጥራት፣ ባላሰቡት ስፋት ነው። እንዲህ ስለሆነ የእርስዎን ፊልም አይታ ሳቀች ለማለት ይቸግረኛል። የእርስዎን ፊልም ገና አላየችውም።

ስለጠፋው ዘፈን የጻፉት ደግሞ ይበልጥ ነካኝ፤ ስለ ራስዎ አእምሮ መፍራትዎ ይሰማልና። እባክዎ አይፍሩ። በድሮ ተከታታይ ፊልሞች ላይ ዘፈኖች በሌላ ሙዚቃ መተካታቸው በጣም የተለመደ ነገር ነው። አንድን የታወቀ ዘፈን በፊልም ውስጥ ለመጠቀም ከመብቱ ባለቤቶች ጋር ውል ይፈረማል፤ በዚያ ዘመን የተፈረሙት አብዛኞቹ ውሎች የሚናገሩት ስለ ቴሌቪዥን ሥርጭት ብቻ ነበር፤ በዲቪዲ ወይም በኢንተርኔት ስለ መሸጥ ሊናገሩ አይችሉም ነበር፤ ገና አልነበሩማ። ፊልሙ ከዓመታት በኋላ እንደገና ሲወጣ ባለመብቶቹ አዲስ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ አከፋፋዩ አልከፍልም ሲል ዘፈኑ ይወጣና ርካሽ ሙዚቃ ይገባል። ስለዚህ እርስዎና ወንድምዎ ያለቀሳችሁበት ዘፈን በእርግጥ የነበረ ሊሆን ይችላል። ማረጋገጫውም ምናልባት በዓለም ላይ በአንድ ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ኋላ እመለሳለሁ።

የማዕበሉ ርዝመት ግን ሌላ ነው። በዚህ ላይ ቴሌቪዥኑንም አከፋፋዩንም መውቀስ አልችልም፤ ሁለት ደቂቃው ድሮም ሁለት ደቂቃ ነበር። የእንግሊዙ የሥነ ልቦና ምሁር ፍሬድሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ጥናት ሰዎች አንድን ተረት ደጋግመው ከትውስታቸው እንዲናገሩ አድርጎ፣ ተረቱ በየጊዜው ከተናጋሪው ሕይወት ጋር እየተስማማ ሲለወጥ አሳይቷል፤ ትውስታን ባስታወስነው ቁጥር እንደገና እንሠራዋለን ማለት ነው። አሁን የእርስዎን ሁኔታ ያስቡት። ፊልሙ የሚታየው በሳምንት አንድ ቀን ነበር። የቀሩትን ስድስት ቀናት ምን ታደርጉ ነበር? እርስዎ ራስዎ ጽፈውልኛል፤ ወንድምዎ የአዛዡን ድምፅ እያስመሰለ ሳምንቱን ሙሉ ያስቅዎ ነበር። የሁለት ደቂቃው ማዕበል በስድስቱ ቀናት ውስጥ በወለሉ ላይ፣ በአልጋው ላይ፣ ምናልባትም መብራት ከጠፋ በኋላ በብርድ ልብስ ሥር ስንት ጊዜ እንደተነሣ ይቁጠሩት። አንድ ሙሉ ክፍል የሚፈጀው ማዕበል ያ ነው። ግማሹን የሠሩት እናንተ ናችሁ፤ በኢንተርኔት ላይ የተገኘው የሌሎቹ ግማሽ ብቻ ነው።

በእኔ ግምት የሰለቸዎት ለዚህ ነው፤ ፊልሙም ዋጋ ቢስ ሆኖ አይመስለኝም። መካከለኛ ፊልም ሊሆን ይችላል፤ ካልዋሸሁዎት አብዛኛው የልጅነት ፊልም መካከለኛ ነው፤ የእኔም ጭምር። ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ደብዳቤዎ ውስጥ ስለ ፊልሙ ታሪክ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንኳ እንደሌለ አስተውለዋል? ጀግናው ማን ነው? ወዴት ነበር የሚጓዙት? ሀብት ፍለጋ ነው ወይስ በቀል? አልነገሩኝም። የነገሩኝ ወለሉን፣ ድምፁንና ካሴቱን ነው። ወንድምዎ በደብዳቤው ውስጥ ብቅ ያሉት በአንድ አንቀጽ ብቻ ነው፤ ደብዳቤው ሕይወት የዘራውም እዚያው ላይ ነው። ዛሬ የት እንዳሉ፣ በወር ስንት ጊዜ እንደምትነጋገሩ አልጻፉም። ይህን የምጠይቀው ለመመርመር አይደለም፤ ልጅዎ እንድትሞላው የጠየቁት ቦታ ምናልባት የእርሷ ሳይሆን የእርሳቸው እንዳይሆን ብዬ ነው። የ15 ዓመት ልጅ፣ የ11 ዓመት ልጅን ታላቅ ወንድም ሆና ማስመሰል አትችልም። እንድትሞክር መጠየቋንም ሳታውቅ አልቀረችም፤ «እኔን ነው የምታየው» ያለችዎ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ናፍቆት የሚለውን ነገር አውሮፓውያን በመጀመሪያ በሽታ ነው ብለው ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ የሕክምና ተማሪ በባዝል ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው ጽሑፍ፣ ከአገራቸው ርቀው የሚጠወልጉ ሰዎችን ሕመም «ኖስታልጂያ» ብሎ ሰየመው፤ ከሁለት የግሪክ ቃላት፣ ወደ ቤት መመለስ ከሚለውና ሕመም ከሚለው የተሠራ ስም ነው። መድኃኒቱም በሽተኛውን ወደ አገሩ መስደድ ነበር። ያኔ ሕመሙ የቦታ ስለነበር መድኃኒቱ ይገኝ ነበር። የዛሬው የእኛ ናፍቆት ግን ወደ ዘመን ነው፤ ወደዚያ የሚሄድ መጓጓዣ የለም፤ እና አንድ ፊልም ባገኘን ቁጥር ትኬት ያገኘን ይመስለናል። አማርኛችን በዚህ ረገድ ትንሽ ረቂቅ ነው፤ ናፍቆትና ትዝታ ብሎ ይለያቸዋል። ናፍቆት የራቀው እንዲመጣ ይፈልጋል፤ ትዝታ ግን ባይመጣም አብሮት መቀመጥ ይችላል። እርስዎ ዓርብ ማታ ከልጅዎ ጋር የተቀመጡት በናፍቆት ነበር፤ በትዝታ ቢቀመጡ ኖሮ ምናልባት አብረዋት ይሥቁ ነበር።

ስለ ሴቶቹ የተናገረችውን በአጭሩ ልለፈው፤ ብዙ የሚያከራክር አይመስለኝምና። ልክ ናት። ሠዓሊዋ አሊሰን ቤክዴል እ.ኤ.አ. በ1985 በአንድ የሥዕል ቀልዷ ላይ ያስቀመጠችው መመዘኛ አለ፤ በፊልሙ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሴቶች ይኑሩ፣ እርስ በርሳቸው ይነጋገሩ፣ የሚነጋገሩትም ስለ ወንድ ያልሆነ ነገር ይሁን። ይህን ያህል ዝቅተኛ የሆነውን መመዘኛ ስንቱ ተወዳጅ ፊልም እንደሚወድቅበት በራስዎ ዝርዝር ላይ ይሞክሩት። ልጅዎ ይህን ስትል የእርስዎን ልጅነት አልሰደበችም፤ እንዲያውም ፊልሙን በትኩረት እያየች እንደነበረ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም። ስልኳ ላይ ያፈጠጠች ልጅ የሴት ገጸ ባሕርያትን ሥራ አትቆጥርም። ስልኳን ያነሣችው ከዚያ በኋላ ነው፤ የተናገረችው ሁሉ መልስ ካጣ በኋላ።

ስለ ዘፈን የተናገሩት ግን ትንሽ ሊያወያየን ይችላል፤ እዚህ ላይ በከፊል ከእርስዎ ጋር ነኝና። የዛሬ ዘፈኖች መግቢያቸው ማጠሩ እውነት ነው። በገበያ ቀዳሚ የነበሩ ዘፈኖችን ያጠና አንድ ተመራማሪ እንዳሳየው፣ ቃል ከመሰማቱ በፊት ያለው ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በአማካይ ከ20 ሰከንድ ይበልጥ የነበረ ሲሆን በ2015 ወደ 5 ሰከንድ ገደማ ወርዷል። ለምን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም፤ እንደ ስፖቲፋይ ባሉት አገልግሎቶች አንድ ዘፈን ተደመጠ ተብሎ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ሲሞላው ነው፤ አድማጩም በአንድ ጣት መዝለል ይችላል። እኔ በበኩሌ ረጅም መግቢያ የምወድ ሰው ነኝ፤ ዘፋኙ እስኪመጣ መጠበቅ የዘፈኑ ግማሽ ይመስለኛል። ነገር ግን የድሮው ዘፈንም ቢሆን በራሱ ምርጫ ብቻ አልተቀረጸም። በደቂቃ 78 ጊዜ ይሽከረከር የነበረው የሸክላ ዲስክ በአንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ስለነበር፣ የዘፈን ልክ ሦስት ደቂቃ ነው ብለን የተቀበልነው ከዚያ የተነሣ ነው። ሁሉም ዘመን ዘፈኑን በያዘው ዕቃ ልክ ይሰፋዋል፤ ልጅዎ የምትሰማውን ሳይሰሙ ጩኸት ማለት ግን ከዚህ ሁሉ ጋር አይገናኝም። ከምትሰማቸው መካከል አንዱን ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሰሙበትን ቀን ያስታውሳሉ?

ሞሪስ ሆልብሩክና ሮበርት ሺንድለር የተባሉ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጡት ጥናት ሰዎች ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ሙዚቃ በ23 እና በ24 ዓመታቸው አካባቢ የተወደደው ሆኖ አግኝተውታል። ይህ እውነት ከሆነ እርስዎ ጣዕም የሚሉት ነገር በአመዛኙ የልደት ቀንዎ ሥራ ነው፤ የልጅዎ ደግሞ ገና ስምንት ዓመት ያህል ይቀረዋል። ከዚህ ይልቅ ለእርስዎ ይጠቅማል ብዬ የማምነው ግን ካሮል ክራምሃንስልና ጀስቲን ዙፕኒክ እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ነው። ወደ 20 ዓመት ገደማ የሆናቸውን ተማሪዎች ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተወደዱ ዘፈኖችን አሰምተዋቸው፣ ወጣቶቹ ከራሳቸው ዘመን በተጨማሪ ወላጆቻቸው ወጣት ለነበሩበት ዘመን ዘፈኖች የተለየ ቅርበትና ትዝታ እንዳላቸው አዩ፤ ከዚያም ለሚቀድመው፣ ለአያቶች ዘመን ዘፈን ጭምር። አጥኚዎቹ የሰጡት ማብራሪያ ቀላል ነው፤ ልጆቹ ሲያድጉ ቤት ውስጥ ይሰሙት ነበር። ማንም አስቀምጦ አላስተማራቸውም። ወላጅ ሥራውን እየሠራ፣ መኪናውን እየነዳ፣ ለራሱ ብሎ የከፈተው ሙዚቃ ነው ልጁ ውስጥ የቀረው።

እንግዲህ የዕቃ እጥበቷን እንጉርጉሮ እንደገና ያስቡት። እየቀለደችብኝ ነው ብለው በእርግጠኝነት ጽፈዋል። በምን አወቁ? ዞር ብላ አየችዎት? ድምፅዋን ከፍ አደረገች? ወይስ በሩ አጠገብ መሆንዎን እንኳ አላወቀችም? ለቀልድ የሚያንጎራጉር ሰው ሰሚ ይፈልጋል። ብቻዋን ሆና እጇ ውሃ ውስጥ እያለ ያንጎራጎረችው ከሆነ ግን፣ የወንድምዎ መርከብ ሳያስቡት እርሷ ጋ ደርሳለች። ይህን ግን እባክዎ አይጠይቋት፤ «ስታንጎራጉሪ ሰምቼሻለሁ» ያሏት ዕለት ማንጎራጎሯን ታቆማለች።

ከይቅርታው ቀጥሎ ምን ላድርግ ቢሉኝ፣ በመጪው ዓርብ ምንም ፊልም ይዘው አይምጡ። በሯን አንኳኩተው በዚህ ሰሞን ምን እያየች እንደሆነ ይጠይቋትና፣ ከፈቀደች ሁለት ክፍል ያህል አብረዋት ይዩ። ስልክዎን ሌላ ክፍል ይተዉት። ስለ ትወናው፣ ስለ ሙዚቃውና ስለ አለባበሱ ያለዎትን አስተያየት ለአንድ ምሽት ያስቀምጡት፤ ጥያቄ ግን ይፈቀድልዎታል፤ «ይቺ ለምን እንዲህ አደረገች?» የመሳሰለ፣ መልሱን በእርግጥ የማያውቁት ጥያቄ። ካልፈቀደች አይጫኗት፤ አንድ ወር ያህል ሊፈጅ ይችላል። ምርጫው እንደ ድሮው ተራ በተራ ይሁን ብለው ደግሞ በግልጽ ይንገሯት፤ ምሽቱ ወደ እርስዎ ብቻ እንዳዘነበለ እርስዎ ራስዎ አስተውለውታልና፣ ይህን ከአንደበትዎ ብትሰማው ከይቅርታው ያላነሰ ዋጋ ይኖረዋል።

ተራዎ ሲደርስ የባሕሩን ፊልም ይመልሱት? አይቸኩሉ፤ ሲመልሱት ግን ሁለት ነገር ያድርጉ። መጀመሪያ የምስሉን ቅርጽ ያስተካክሉ። ቀጥሎም ሙሉውን አያሳዩአት፤ የማዕበሉን ሁለት ደቂቃ ብቻ ያሳዩአትና «ይህ እኮ በእኔ ጭንቅላት ውስጥ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ነበር፤ ባለፈው አንቺ ከሄድሽ በኋላ ብቻዬን አይቼው ሰለቸኝ» ይበሏት። ለማንም ያልነገሩትን ለእኔ ከነገሩኝ ለእርሷም መንገር ይችላሉ። ልጆች ወላጆቻቸው የወደዱትን ነገር እንዲወዱ ሲጠየቁ ይጨነቃሉ፤ ወላጃቸው የተሸወደበትን ታሪክ ሲሰሙ ግን ጆሯቸው ይቆማል። ከዚያ ስለ ወለሉና ስለ አጎቷ ይንገሯት። አጎቷን የምታውቃቸው እንደ ትልቅ ሰው ብቻ ከሆነ፣ በብርድ ልብስ ሥር የመርከብ አዛዥ የነበሩትን ልጅ አልተዋወቀችም።

በመጨረሻ የካሴቱ ጉዳይ፤ ኋላ እመለስበታለሁ ያልኩዎት ይህን ነው። ከቴሌቪዥን በቀጥታ የተቀዳ ካሴት ዘፈኑ ሳይለወጥ የተላለፈውን ነው የሚይዘው፤ የመጨረሻው ክፍል ተቀድቶ ከነበረ ያለቀሳችሁበት ዘፈን እዚያ አለ። ስለዚህ ለወንድምዎ ይደውሉ፤ ካሴቱ የት እንደገባ፣ ስለ ማዕበሉም ምን እንደሚያስታውሱ ይጠይቋቸው። እርሳቸው የሚያስታውሱት ከእርስዎ የተለየ ቢሆን አይከራከሩ፤ የእርሳቸው ማዕበል የእርሳቸው ነው። ካሴቱ ከተገኘ ግን አይዘግዩ። መግነጢሳዊ ክር በየዓመቱ ይደክማል፤ ሙቀትና እርጥበት ደግሞ ያፋጥኑታል። የቪዲዮ ማጫወቻ ማምረቱን ሳያቋርጥ ቆይቶ የነበረው ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያም ሥራውን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ስላቆመ የሚሠራ ማጫወቻ ማግኘት እያስቸገረ ነው። ክሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ካዩ ማጫወቻ ውስጥ አያስገቡት፤ ክሩንም ማጫወቻውንም ያበላሻል፤ ወደ ዲጂታል መገልበጥ ለሚያውቅ ባለሙያ ይስጡት። ሻጋታ ከሌለው አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አሽከርክረው መልሰው ያጠንጥኑትና ከዚያ ያጫውቱት፤ ሲጫወትም በዚያው ይገልብጡት፤ ሁለተኛ ዕድል ላይሰጥዎ ይችላልና።

ካሴቱ የተጣለ እንደሆነም ስልኩ አይባክንም። ልጅዎ አጠገብዎ ተቀምጣ ሳለ ድምፅ ማጉያውን ከፍተው ቢደውሉ ደግሞ አንድ ሌላ ነገር መጠየቅ ይችላሉ። ወንድምዎ የክፉውን አዛዥ ድምፅ አሁንም ይችሉበት እንደሆነ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።